ጉድጓዱ በ6 ሰዓት የነገረንና በ3 ቀን የነገረን፦ የአንድ የጅማ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

ሀጂ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አላቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የቆፋሪውን ድርጅት ስምም እንዲሁ። የጉድጓዱን ቁጥሮች ግን ለንባብ እንዲመቹ አጠጋግቼ አስቀምጫለሁ።

ጣቢያው ለዓመታት ውሃ የሚስበው ከአጠገቡ ከሚያልፍ ትንሽ ወንዝ ነበር። ችግሩ የጊዜ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ የሚበዛው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፤ እሸት ቡና በብዛት ወደ ጣቢያ የሚገባው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ። ውሃ በጣም በሚፈለግበት ወር ወንዙ እየሳሳ ይሄዳል። ከታች ያሉት ሰዎችም ለከብቶቻቸው ውሃ እያነሰ፣ ያለውም እየቆሸሸ ነው ብለው ማጉረምረም ጀምረው ነበር። እውነታቸውን ነው። ሀጂም ነገሩ ስላሳፈራቸው ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ወሰኑ።

ቁፋሮው ሰኔ ላይ አለቀ። ጥልቀቱ 150 ሜትር ነው። ከላይ ወፍራም ቀይ አፈር፣ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ባሳልት። ውሃው ሳይነካ ሲቀመጥ ከመሬት በታች 18 ሜትር ላይ ይቆማል። ፓምፑ 90 ሜትር ላይ ተንጠለጠለ። ቆፋሪዎቹ ለ6 ሰዓት በሰከንድ 6 ሊትር እየሳቡ ሞከሩትና ሪፖርታቸውን ሰጡ፦ «ጉድጓዱ በሰከንድ 15 ሊትር ያለችግር ይሰጣል።»

በዚያ ሪፖርት ላይ ተመስርቶ ትልቅ ፓምፕ፣ ትልቅ ጄኔሬተርና ወፍራም ቧንቧ ሊታዘዝ ነበር። የባንክ ብድሩም ተጀምሯል። የሀጂ የእህታቸው ልጅ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ወጣት ነው። «አጎቴ ነገ ሊፈርም ነው፤ እስቲ አንዴ እየው» ብሎ ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ መጣ።

እኔም ተሸውጄ ነበር

የውሃ ባለሙያ ነኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ ደስ የሚል ወረቀት ነበር። ፓምፑ በተነሳ በ10 ደቂቃ የውሃው ወለል 12 ሜትር ወርዷል። በ100 ደቂቃ 14 ሜትር። በ360 ደቂቃ፣ ማለትም በ6 ሰዓት፣ 15.1 ሜትር።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የጉድጓድ ሙከራ የሚነበበው 1፣ 10፣ 100፣ 1,000 ደቂቃ በእኩል ርቀት በሚቀመጡበት ወረቀት ላይ ነው። ማከማቻው፣ ማለትም ከመሬት በታች ውሃውን የያዘው ድንጋይ፣ ሰፊ ከሆነ ጊዜው አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር ወለሉ በተመሳሳይ መጠን ይወርዳልና ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። እዚህ መስመሩ በየአሥር እጥፉ 2 ሜትር ይወርዳል። በዚያው ብንቀጥል በአንድ ዓመት ውስጥ የሚወርደው ከ22 ሜትር አይበልጥም። ከመነሻው ወለል እስከ ፓምፑ ግን 72 ሜትር አለ። 15 ሊትር ብንስብ እንኳ ገና ብዙ ይተርፋል።

ስሌቱ ልክ ነበር። «ጥሩ ጉድጓድ ነው» ብዬ መለስኩለት። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ይጻፍ።

አንድ ጥያቄ

በዚያው ሳምንት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ለአረፋ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወደ ጅማ መጣ። ለዓመታት በነዳጅና ጋዝ ጉድጓዶች ሙከራ ላይ ሠርቷል፤ ኦጋዴንንም ያውቀዋል። ቡና ስንጠጣ ወረቀቱን አሳየሁት። መስመሩን ብዙም አላየውም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ወለሉ ተመለሰ?»

ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ፓምፑ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲጠፋ ሠራተኞቹ መለኪያቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። ወጣቱን ደወልንለት። ለካ እሱ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለራሱ ለማወቅ ያህል ለክቶ ከወረቀቱ ጀርባ በእስክሪብቶ «19» ብሎ ጽፏል። ማንም አላየውም። ለቆፋሪዎቹ ነግሯቸው «የገመዱ ስህተት ነው» ተብሏል።

ጓደኛዬ ስልኩ ላይ መደመርና ማካፈል ጀመረ። በ6 ሰዓት የወጣው ውሃ 130 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ማከማቻው ሰፊ ቢሆን ኖሮ ከ15 ሰዓት እረፍት በኋላ የሚጎድለው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መሆን ነበረበት። የጎደለው 1 ሜትር ነው።

«130 ሜትር ኩብ ወስዳችሁበት ሜትር ሙሉ ከጎደለ ይሄ ሐይቅ አይደለም፣ ገንዳ ነው» አለ።

የነዳጅ ሰዎች ለምን ይህን ይጠይቃሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ስለሆነ።

አሳሽ ኩባንያዎች አዲስ ጉድጓድ ሲሞክሩ ዜናው የሚወጣው በቀን ይህን ያህል በርሜል ፈሰሰ ተብሎ ነው። ያ ቁጥር ለብቻው ብዙም አይናገርም። የስንት ሰዓት ፍሰት ነው? በምን ያህል ስፋት ባለው ማነቂያ ቀዳዳ ተለቆ ነው? ቀዳዳውን ሰፋ ሲያደርጉት ቁጥሩ ያድጋል፤ ከመሬት በታች ያለው ነዳጅ ግን አያድግም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚፈሰው በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው፣ ግፊቱ ገና ያልተነካው ነው።

ስለዚህ የሙከራ ቡድን ከፍሰቱ ይበልጥ የሚጓጓው ቫልቩ ተዘግቶ ግፊቱ ሲመለስ የሚያሳየውን መስመር ለማየት ነው። የፍሰት ጊዜውንና የእረፍት ጊዜውን ደምረው ለእረፍት ጊዜው ያካፍሉታል፤ ውጤቱን በዚያው ዓይነት ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጡና መስመሩን ወደ ማለቂያ የሌለው እረፍት ይዘረጉታል። መስመሩ መጀመሪያ ወደነበረው ግፊት ከተመለሰ ጥሩ ነው። ትንሽ ብቻ ተወስዶ ግፊቱ ከመነሻው በታች ከቀረ ማከማቻው ጠባብ ነው ማለት ነው። ጉድጓዱ በመጀመሪያው ቀን የፈለገውን ያህል ቢፏልል ይህ አይቀየርም።

ዘዴው በነዳጁ ዓለም በሆርነር ስም ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው ነው። የሚገርመው ግን የውሃው ባለሙያ ታይስ ተመሳሳዩን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1935 አሳትሞት ነበር። እሱም ሙቀት በብረት ውስጥ ከሚሄድበት ስሌት ነው የወሰደው። የነዳጅ ሰው መጥቶ የራሴን ሙያ ትምህርት አስታወሰኝ ማለት ነው። እኛ የውሃ ሰዎች ለመመለሻው ጊዜ ብዙም አንጓጓም። ውሃው ከወጣ ሁሉም ሰው ጨብጭቦ ወደ ቤቱ ነው።

በእኛም አገር በ2010 ዓ.ም. ሰኔ በሶማሌ ክልል በሙከራ ደረጃ በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ማውጣት ተጀመረ ሲባል ጅማ ውስጥ እንኳ ቤንዚን ሊረክስ ነው ያለ ሰው ነበር። የነዳጅ በርሜል 159 ሊትር ነው። 450 በርሜል በሰከንድ ሲመታ 1 ሊትር እንኳ አይሞላም። ያ ፍሰት ለማወቅ የሚደረግ ሙከራ ነው። በዚያው ክልል በካሉብ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ከመሬት በታች ተቀምጦ ቆየ። በመገኘትና በመጠቀም መካከል ስንት ነገር አለ።

ሁለተኛው ሙከራ

ሀጂን ማሳመን ቀላል አልነበረም። «ውሃው በዓይኔ ሲወጣ አይቻለሁ» አሉ። ልክ ናቸው፤ ወጥቷል። «ሀጂ፣ ጎተራ ሲከፈት ከበሩ የሚፈሰውን እህል አይተው ስንት ኩንታል አለ ይላሉ?» አልኳቸው። ሳቁና የ3 ቀን ናፍጣ ለመግዛት ተስማሙ። ፊርማውም እስከዚያ ቆመ።

የመጀመሪያው ሙከራችን ተበላሸ። በ9ኛው ሰዓት አካባቢ ለመዞር ስወጣ የሚወጣው ውሃ ከጉድጓዱ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ወዳለ ቦይ እየገባ መሆኑን አየሁ። የሳብነው ውሃ ተመልሶ ሊሰርግ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ጉድጓዱ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል። አቆምነው። ወለሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ ከሳምንት በላይ ጠበቅን፤ ይህም ራሱ ምልክት ነበር። ከዚያ ቱቦ ተውሰን ውሃውን ከኮረብታው ማዶ አፈሰስነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እንደገና ጀመርን። ፍሰቱን የምንለካው በበርሜልና በሰዓት ነው፦ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በ33 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 6 ሊትር ነው። ቀንና ሌሊት በየ2 ሰዓቱ ለካን። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ጄኔሬተሩ ለ14 ደቂቃ ጠፋብን። ዘበኛው ናፍጣ መጨመር ረስቶ ነው፤ እኔም ተኝቼ ነበር። ወለሉ ትንሽ ብድግ አለና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ መስመሩ ተመለሰ። በመዝገቡ ላይ እንዳለ ጻፍነው።

ውጤቱ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት የቆፋሪዎቹ ሙከራ ግልባጭ ናቸው፤ ሰዎቹ በለኩት ላይ አልተሳሳቱም። 400ኛው ደቂቃ አካባቢ ግን መስመሩ ታጠፈ። በየአሥር እጥፉ 2 ሜትር ሲወርድ የነበረው ወደ 4 ሜትር ሆነ። ቁልቁለቱ እጥፍ ሲሆን በአንድ በኩል ግድግዳ ተነክቷል ማለት ነው፤ ውሃ የማያስተላልፍ ድንጋይ ወይም የተዘጋ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የቆፋሪዎቹ ሙከራ የቆመው 360ኛው ደቂቃ ላይ ነበር።

ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በ24 ሰዓት 18 ሜትር፣ በ48 ሰዓት 22.5፣ በ72 ሰዓት 27 ሜትር ወርዷል። በተራ ደብተር ላይ ብታስቀምጠው ቀጥ ያለ መስመር ነው፦ በቀን 4.5 ሜትር። እንዲህ የሚወርደው በሁሉም በኩል የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ነው። ባልዲ ከበርሜል ስትቀዳ እንደሚወርደው።

ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ወይ ብለን ጠይቀናል። ፓምፑ ፍጥነት ጨምሮ ይሆን? በርሜሉ እስከ መጨረሻው በ33 ሰከንድ ነው የሞላው። የጉድጓዱ ማጣሪያ ተደፍኖ ይሆን? ይህን የመለሰልን ወለሉ ከመሬት በታች 45 ሜትር ላይ ሳለ ፓምፑን ካጠፋን በኋላ የመጣው ነው። ወለሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ 32 ሜትር ተመለሰ። ማጣሪያ ብቻ ቢሆን ጥፋቱ ወደ 18 ለመመለስ ምንም አያግደውም ነበር። 32 ላይ ሲደርስ ግን ዘገመ። ከዚያ በቀን 1 ሜትር፦ 31፣ 30፣ 29።

ደመወዝና ቁጠባ

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ፓምፑ ሲሠራ ወለሉ በቀን 4.5 ሜትር ይወርዳል። ሲያርፍ 1 ሜትር ይወጣል። ስለዚህ እየገባ ያለው ውሃ ከምንስበው 5.5 እጅ አንዱ ነው። በቀን የሳብነው 518 ሜትር ኩብ ነው፤ የሚገባው 94 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 1 ሊትርና ትንሽ።

ሪፖርቱ 15 ሊትር ነበር ያለው።

15 ሊትር ቢሳብ ምን ይሆን ነበር ብለን አሰላን። የመጀመሪያው ቀን ግሩም ነው። ሁለተኛውም ቀን ደህና ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። ያ ደግሞ ጥቅምት ላይ፣ እሸት ቡና በጆንያ ተደርድሮ በሚጠብቅበት ጊዜ ነው።

ለሀጂ ያስረዳናቸው እንዲህ ነው፦ «94 ሜትር ኩቧ ደመወዝዎ ናት። ከመሬት በታች የተጠራቀመው ቁጠባዎ ነው። ደመወዝዎን በየቀኑ ይብሉ፤ ቁጠባውን ለሠርግ ያስቀምጡ።» ሠርጉ ቡናው የሚበዛባቸው 3 ሳምንታት ናቸው። ሀጂ ነጋዴ ስለሆኑ ይህን ከእኔ በላይ ገባቸው። ወዲያው «ቁጠባው ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወለሉ 1 ሜትር ሲወርድ ከደመወዙ ሌላ 94 ሜትር ኩብ ያህል ይገኛል። ቁጥሩ ከደመወዙ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ አጋጣሚ አይደለም፤ ሲያርፍ በቀን የሚወጣው 1 ሜትር ስለሆነ ነው።

በዚህ መሠረት በቀን 200 ሜትር ኩብ ለ20 ቀን ቢወሰድ የጠዋቱ ወለል ወደ 40 ሜትር እንደሚወርድ ገመትን። ፓምፑ ሲነሳ የሚወርደው 15 ሜትር ሲጨመር 55። ፓምፑ 90 ላይ ስለሆነ ይቻላል። ከዚያ ዘጠኝ ወር ያርፋል።

ምን ተደረገ፣ ምን ሠራ

ትልቁ ፓምፕ ቀረ። ብድሩ በግማሽ ተቀነሰ። በሰከንድ 6 ሊትር የሚስበው ፓምፕ እዚያው ሆኖ ማታ ማታ እየሠራ ወደ ገንዳ እንዲሞላ ተደረገ። የመፈልፈያው ውሃ ደግሞ ተጣርቶ እንዲዞር ተደረገ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመው ይህ ይመስለኛል። ጉድጓዱን ከማስፋት ጥማቱን መቀነስ ረከሰ።

በመጀመሪያው የቡና ወቅት መጨረሻ የጠዋቱ ወለል 43 ሜትር ነበር። እኛ 40 ብለን ነበር፤ 3 ሜትር ተሳስተናል። ምክንያቱን እገምታለሁ፦ የሞከርነው በክረምት፣ አፈሩ ውሃ በጠገበበት ጊዜ ነው። በበጋ የሚገባው ያንሳል። ሙከራውን የካቲት ላይ ብናደርገው ይሻል ነበር፤ ግን ቡናው አይጠብቅም። በቀጣዩ ሰኔ ወለሉ 20 ሜትር ላይ ተመልሷል።

ቆፋሪውን የሚወቅስ አለ። እኔ አልወቅስም፤ ውሉ የሚለው «6 ሰዓት» ነው፣ 6 ሰዓት ሠርቷል። 6 ሰዓት ለክቶ ስለ ዓመት መናገሩ ላይ ነው ቅሬታዬ። ግፊቱ ከጉድጓዱ የሚርቀው በጊዜው ስኩዌር ሩት ነው፤ ሁለት እጥፍ ርቀት ለማየት አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ከ6 ሰዓት ወደ 72 ሰዓት ስንሄድ ያየነው ርቀት 3.5 እጥፍ ያህል ነው የጨመረው። እኛም ቢሆን ከዚያ ማዶ ያለውን አላየንም።

ለሌላ ጉድጓድ የሚተርፈው

ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ሲጠይቀኝ አሁን የምለው ይህን ነው። ውሉ ላይ የፍሰቱን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የመመለሻውን ልኬት አስጽፍ፤ ቢያንስ የፍሰቱን ያህል ጊዜ። የመጨረሻውን ሪፖርት ሳይሆን በእጅ የተጻፈውን የልኬት ደብተር ተቀበል። ጀርባውንም ገልብጠህ እይ። የሚወጣውን ውሃ አርቀህ አፍስስ። «ስንት ሊትር» ለሚል መልስ ሁሉ «ለስንት ሰዓት?» የሚለውን አስከትል። ሙከራው በክረምት ከሆነ ከተገኘው ላይ ቀንስ። ምን ያህል? እኛ ጉድጓድ ላይ ስህተቱ ከ22 ሜትር 3 ነበር፤ ሌላ ቦታ ሌላ ይሆናል።

አንድ ነገር አልተፈታም። ባለፈው ዓመት ከሀጂ ጣቢያ 200 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ጎረቤት እሱም ጉድጓድ ሊያስቆፍር ተነሳ። ገንዳው አንድ ከሆነ ደመወዟ ለሁለት ልትካፈል ነው። ግድግዳው በመካከላቸው ከሆነ ደግሞ አይገናኙም። ሀጂ መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ ራሳቸው ሄደው ደብተሩን አሳዩትና ተስማሙ፦ እሱ 72 ሰዓት ሲስብ የሀጂ ፓምፕ ይጠፋል፣ የእህታቸው ልጅ ደግሞ በየሰዓቱ የሀጂን ጉድጓድ ይለካል። ቀጠሮው ለየካቲት ነው። ናፍጣውን የሚችሉት እኩል ተካፍለው ነው።